ለቁጣው ሕግ ወጣ፤ ለወረፋውስ?

በሜይ 2023 የጆርጂያው ገዥ ብራያን ኬምፕ በምክር ቤቱ ቁጥር 383 ሆኖ የቀረበውን «የሆስፒታሎች ደኅንነት ሕግ» ፈረሙ። ሕጉ በሆስፒታል ቅጥር ግቢ ውስጥ በጤና ሠራተኛ ላይ ጥቃት የሚያደርስ ሰው የሚጠብቀውን ቅጣት ያከብዳል፤ ሆስፒታሎችም የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያሰማሩ መንገድ ይከፍታል። የሰው ሕይወት ለማትረፍ ሌሊቱን ቆሞ የሚያነጋ ነርስ በሥራ ገበታው ላይ ሊደበደብ አይገባውምና ሕጉ የሚያስፈልግ ነበር።

ነገር ግን ሕግ አውጪው የድንገተኛ ክፍሉን መጠበቂያ አዳራሽ ያየው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። በሽተኛው ሲቆጣ ምን እንደሚደርስበት ደነገገ። እስኪቆጣ ድረስ ለምን ያን ያህል ሰዓት እንደተቀመጠ መልስ የሚሰጥ አካል ግን አልሰየመም። እጁን ያነሣው ሰው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሕመሙን ይዞ በዝምታ ወደ ቤቱ የተመለሰው፣ በቁጥርም እጅግ የሚበዛው፣ የሚጠይቅለት የለውም።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ነገር አንድ ነው። የድንገተኛ ክፍል ቅድሚያ አሰጣጥ በመሠረቱ ፍትሐዊ ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል። ፍትሕነቱ የሚጸናው ግን በሽተኛው ሥርዓቱን ሲያውቀው፣ ሊጠይቅበት ሲችልና ወረፋውን የሚያረዝሙት ሌሎች ምክንያቶች በቅድሚያ አሰጣጡ ስም ሳይሸፈኑ ሲቀሩ ነው። ዛሬ በአትላንታ ከሦስቱ አንዱም በበቂ ሁኔታ አልተሟላም።

ቅድሚያው ለማን ነው?

በዳቦ ቤትም ሆነ በታክሲ ሰልፍ ሕጉ አንድ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። በድንገተኛ ክፍል ይህ ሕግ ሰው ይገድላል። ስለዚህም የናፖሊዮን ሠራዊት ቀዶ ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ማዕረግ ሳይለይ በጽኑ የቆሰለውን ማስቀደም ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ የሕክምና ሥርዓት ሰውን የሚያሰልፈው በመጣበት ሰዓት ሳይሆን በሕመሙ ክብደት ነው። ትሪያጅ የሚባለው ይኸው ነው።

በአሜሪካ አብዛኞቹ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙት ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሪቻርድ ዉርዝና በዴቪድ አይትል የተነደፈ ነው። አንደኛው ደረጃ እስትንፋሱን ለማትረፍ ያለ አንዲት ደቂቃ መዘግየት እጅ ሊደርስለት የሚገባው በሽተኛ ነው። ሁለተኛው ከቆየ ለከፋ አደጋ የሚጋለጠው ነው፤ የስትሮክ ምልክት ያለበት ወይም ደረቱን ጭንቅ ያደረገው ሰው እዚህ ይገባል። ከሦስተኛው ጀምሮ ነርሷ የምትመዝነው በሽተኛው ስንት ዓይነት ምርመራና ሕክምና እንደሚያስፈልገው ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስተኛ፣ አንድ ብቻ ከሆነ አራተኛ፣ ምንም ካላስፈለገው አምስተኛ ደረጃ ይሰጠዋል።

የብዙ ሰው ምሬት የሚመነጨው ከዚህ ከሦስተኛው ደረጃ ነው። የሆድ ሕመም ይዞ የመጣ የ60 ዓመት አዛውንት የደም ምርመራም፣ ራጅም፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም ያስፈልገው ይሆናል። በዚህ ላይ አልጋና ሐኪም እስኪገኝለት መጠበቅ ግድ ይለዋል። ከእርሱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የመጣው፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ወጣት ደግሞ ቀላል ሕመም በሚታይበት የተለየ ክፍል ገብቶ፣ ታሽጎለት፣ ከእርሱ ቀድሞ ይወጣል። ለአዛውንቱ ይህ ፊት ለፊት የተፈጸመ ግፍ ነው። በአሠራሩ ግን ወጣቱ የእርሱን ተራ አልወሰደም፤ ሁለቱ የቆሙት በሁለት የተለያዩ ሰልፎች ነው። ይህን የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

ሌላም የተሳሳተ እምነት አለ። በአምቡላንስ የመጣ ሰው ወዲያው ይታያል ተብሎ ይታሰባል። በአምቡላንስ የመጣውም በዚያው መለኪያ ይመዘናል። ሕመሙ ቀላል ከሆነ ከቃሬዛው ወርዶ መጠበቂያ አዳራሹ ይቀመጣል፤ የአምቡላንሱን ሂሳብ ግን ኋላ ይከፍላል።

እንግዲህ በቅድሚያ አሰጣጡ ላይ የሚነሣው ቁጣ በአብዛኛው አድራሻውን የሳተ ነው። መስኮቱ ዘንድ የተቀመጠችው ነርስ ሰልፉን ታስተካክላለች እንጂ አታረዝመውም። የሚያረዝመው ሌላ ቦታ አለ።

ወረፋው የሚሠራው ከአዳራሹ ውጭ ነው

የድንገተኛ ክፍልን መጨናነቅ ብዙዎች በቀላል ሕመም በሚመጡ ሰዎች ያመካኛሉ። ጉንፋን የያዘው ሁሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ስለሚሮጥ ነው ይባላል። ይህ አነጋገር ለጆሮ ቢጥምም ዋናውን ነገር ይስታል። ቀላል ሕመም ያለበት ሰው አልጋ አይዝም፤ የሚወስደው የሐኪም ጊዜም ጥቂት ነው። ክፍሉን የሚዘጋው ምርመራው ተጠናቅቆ፣ ተኝቶ እንዲታከም ተወስኖለት፣ ነገር ግን በላይኛው ፎቅ አልጋ ስላልተገኘለት በድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ወይም በኮሪደሩ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት የሚቆየው በሽተኛ ነው። እርሱ ካልተነሣ አዳራሹ ውስጥ ያለው አይገባም። በኖቬምበር 2022 የአሜሪካ የድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሌሎች በርካታ የሙያ ማኅበራት ጋር ለፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በጻፈው ደብዳቤ ይህን ችግር ከሕዝብ ጤና ቀውስ ቆጥሮ መፍትሔ እንዲፈለግለት ጠይቋል።

አትላንታ ይህን ትምህርት ያገኘችው በዚያው ዓመት፣ በራሷ ሕዝብ ላይ ነው። ዌልስታር የተባለው የጤና ድርጅት በሜይ 2022 ኢስት ፖይንት ላይ የሚገኘውን ሆስፒታሉን ድንገተኛ ክፍልና ተኝቶ መታከሚያ ዘጋ። በኦገስት 31 ደግሞ በከተማዋ እምብርት፣ ኦልድ ፎርዝ ዋርድ በሚባለው ሰፈር የነበረውን አትላንታ ሜዲካል ሴንተርን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ይህ ሆስፒታል 460 አልጋዎች ነበሩት፤ ከባድ አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች ለመቀበል ከፍተኛውን ደረጃ ይዞ ይሠራ ነበር። ድርጅቱ በ12 ወራት ውስጥ 107 ሚሊዮን ዶላር መክሰሩን በምክንያትነት አቀረበ። ድንገተኛ ክፍሉ በኦክቶበር አጋማሽ ሥራ አቆመ፤ ኖቬምበር 1 ሆስፒታሉ ጨርሶ ተዘጋ። ከማስታወቂያው እስከ መዝጊያው የነበረው ጊዜ ሁለት ወር ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ በከተማዋ ክልል በዚያ ደረጃ አዋቂዎችን የሚቀበለው ግሬዲ ሆስፒታል ብቻ ሆነ። በ1892 የተከፈተው ግሬዲ የፉልተንና የዲካልብ ካውንቲ ነዋሪዎች፣ በተለይም ኢንሹራንስ የሌላቸው፣ መጠጊያ ሆኖ የኖረ የሕዝብ ሆስፒታል ነው። ገዥው ኬምፕ ወደ 200 የሚጠጉ አልጋዎች እንዲጨመሩበት 130 ሚሊዮን ዶላር መደቡ። ከንቲባው አንድሬ ዲከንስ የተዘጋው ሆስፒታል ቦታ ለሌላ ግንባታ እንዳይውል ለጊዜው አገዱ። የሕዝብ ተመራጮችና የሲቪል መብት ተሟጋቾች በ2023 መጀመሪያ ላይ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አቤቱታ አቀረቡ። እነዚህ ሁሉ ተገቢ እርምጃዎች ናቸው። ሁሉም ግን የመጡት በሩ መዘጋቱ ከተነገረ በኋላ ነው። አልጋ ደግሞ በአዋጅ አይበቅልም፤ ሕንፃውም፣ ነርሷም፣ ሐኪሙም ጊዜ ይፈልጋሉ። በመሐሉ ያለውን ጊዜ የከፈለው በሽተኛው ነው። የከፈለውም በሰዓት ነው።

የመዘጋቱ ሥር ከአንድ ድርጅት ውሳኔ የጠለቀ ነው። ጆርጂያ ሜዲኬይድን ሙሉ በሙሉ ካላስፋፉት ጥቂት ግዛቶች አንዷ ናት። በጁላይ 2023 የተጀመረው «ፓዝዌይስ» የተባለው ፕሮግራም በወር ቢያንስ 80 ሰዓት የሥራ፣ የትምህርት ወይም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማስረጃ ይጠይቃል፤ የተመዘገበውም ሰው ግዛቱ ካሰበው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ቆይቷል። መድን የሌለው ሰው የደም ግፊቱንና ስኳሩን ክሊኒክ ሄዶ አይከታተልም። የሚመጣው ሕመሙ ሲጠናበት ነው፤ የሚመጣውም በድንገተኛ ክፍል በኩል ነው፤ ሲመጣም አልጋ ይፈልጋል። ያልተከፈለው የሕክምናው ሂሳብ በበኩሉ ሆስፒታሉን ያከስራል፤ የከሰረው ሆስፒታል ሲዘጋ ወረፋው ወደቀረው ይዛወራል። ስለዚህ በምክር ቤት ስለ መድን የሚሰጥ ድምፅ በተዘዋዋሪ ስለ ወረፋ የሚሰጥ ድምፅ ነው።

ከሆስፒታሎቹም በኩል የሚጠበቅ ነገር አለ። ቀጠሮ የተያዘላቸው ቀዶ ሕክምናዎች በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀናት ሲደራረቡ አልጋው በእነርሱ ይሞላል፤ ድንገተኛ ክፍሉም ይታፈናል። በቦስተን የሕክምና ማዕከልና በሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል ቀጠሮዎቹን በሳምንቱ ቀናት በማመጣጠን አልጋን በተሻለ መጠቀም እንደሚቻል ታይቷል። በኒው ዮርክ ስቶኒ ብሩክ ሆስፒታል ደግሞ ድንገተኛ ክፍሉ ሲሞላ አልጋ የሚጠብቁ በሽተኞችን ጥቂት ጥቂቱን ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ኮሪደር በማካፈል ጫናው በአንድ ክፍል ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ተደርጓል። ሁለቱም ዘዴዎች ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የታወቁ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን የሆስፒታል አመራር ቁርጠኝነት ነው።

ሕጉ የማይቆጥረው ሰዓት

በ1986 የወጣው የፌዴራል የድንገተኛ ሕክምና ሕግ ለድሃው ትልቅ ጋሻ ነው። ሜዲኬርን የሚቀበል ማንኛውም ሆስፒታል ወደ ድንገተኛ ክፍሉ የመጣን ሰው የመክፈል አቅሙን ሳይመለከት መመርመርና አደጋ ላይ ከሆነ ማረጋጋት ግዴታው ነው። ስለ ኢንሹራንስ ለመጠየቅ ሲባል ምርመራውን ማዘግየትም ክልክል ነው። የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ ዜግነት በዚህ መብት ላይ አይገባም።

ሕጉ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ሰዓት አይቆጥርም። ምርመራው በስንት ጊዜ ውስጥ መደረግ እንዳለበት በቁጥር አይወስንም። በትሪያጅ ነርሷ የምታደርገው ልየታ ሕጉ የሚጠይቀው ምርመራ አይደለም፤ የሰልፉን ቦታ መወሰኛ ብቻ ነው። በመሆኑም በሽተኛው በወረቀት ላይ መብቱ ተከብሮለት በተግባር ግን ሳይታይ ሊያድር ይችላል። ተስፋ ቆርጦ ሲወጣ ደግሞ መዝገቡ «ሳይታይ የሄደ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ራሱ የመረጠው ይመስል።

መውጣቱም ከሂሳብ አያድንም። በ2021 በአትላንታ አቅራቢያ በምትገኘው ዲኬተር፣ ራሷን ተጎድታ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄደች ሴት ሰባት ሰዓት ያህል ጠብቃ ሳትታከም መመለሷ፣ ኋላም ከ688 ዶላር በላይ ሂሳብ በፖስታ እንደደረሳት በከተማዋ መገናኛ ብዙኃን ተዘግቧል። ክፍያው የተጠየቀው በሩን አልፎ ስሟን በማስመዝገቧ ነበር። ይህን የሰማ የቀን ሠራተኛ በሚቀጥለው ጊዜ ደረቱን ሲወጋው በመጀመሪያ የሚያሰላው ሕመሙን አይሆንም።

በሽታውን የደበቀ

ከዚህ ሁሉ በላይ በአትላንታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። ክላርክስተን፣ ስቶን ማውንቴን፣ ታከርና ዲኬተር አካባቢ የሚኖረው ማኅበረሰብ ውስጥ በአዛውንትነት ወደ ልጆቻቸው የመጡ አባቶችና እናቶች፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በመጋዘን የሚሠሩ ጎልማሶች ብዙ ናቸው። እንግሊዝኛቸው ለሥራ ይበቃል፤ ሕመምን ለማስረዳት ግን አይበቃም።

የቅድሚያው ደረጃ የሚወሰነው ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ንግግር ነው። ነርሷ «እንዴት ነዎት?» ስትል የእኛ ሰው ልማዱ «ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን» ማለት ነው። ሕመሙን ከአንድ እስከ አሥር በቁጥር እንዲገልጽ ሲጠየቅ «አሥር» ማለት ማማረር ይመስለዋል፤ ከሌላ የባሰ አለ ብሎ «አምስት» ይላል። ጨዋነቱ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይወስደዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምሳሌያችን ለዚህ መስኮት የተነገረ ይመስላል።

ቃላቱም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። «ልቤን አቅለሸለሸኝ» የሚል ሰው ስለ ማቅለሽለሽ እንጂ ስለ ልብ ሕመም እየተናገረ አይደለም። በተቃራኒው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ያቃለለው ሕመም የልብ ሊሆን ይችላል። «ውጋት»፣ «ምች»፣ «ራሴን አዞረኝ» የሚሉት ቃላት ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ሕክምናውንም የሚያውቅ አስተርጓሚ ይሻሉ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን ሊሸከም አይችልም፤ አያቱም በልጁ ፊት የማይናገሩት ሕመም አለ።

ሕጉ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ርዕስና የ2010ሩ የጤና ሕግ ክፍል 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ። በሽተኛው የራሱን አስተርጓሚ እንዲያመጣ መጠየቅ አይፈቀድም፤ አጣዳፊ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግም እንዲሁ። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ያደረገውን ትእዛዝ ሲፈርሙ በ2000 ወጥቶ የነበረው የቋንቋ አገልግሎት ትእዛዝ ተሽሯል። የተሻረው ግን የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ነው፤ ሁለቱ ሕጎች በኮንግረስ የወጡ ናቸውና ጸንተው አሉ። ይህን ልዩነት ተሟጋቾች ለማኅበረሰቡ ደጋግመው ሊነግሩት ይገባል።

የተግባሩ ክፍተት ያለው አስተርጓሚው በሚጠራበት ሰዓት ላይ ነው። አስተርጓሚ ሐኪሙ ሲገባ በስልክ ወይም በስክሪን ቢቀርብም በትሪያጁ መስኮት ካልነበረ ደረጃው በተሳሳተ ንግግር ተወስኗል። ሰልፉ ከተሠራ በኋላ የመጣ አስተርጓሚ የሚያስተረጉመው የዘገየውን ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ሰዓቱ ይታወቅ። የፌዴራሉ የሜዲኬርና የሜዲኬይድ መሥሪያ ቤት በሽተኞች በድንገተኛ ክፍል የሚያሳልፉትን ጊዜና ሳይታዩ የሚሄዱትን ድርሻ ሲያሳትም ቆይቷል፤ መረጃው ግን የሚወጣው ነገሩ ካለፈ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። የጆርጂያ ምክር ቤት እያንዳንዱ ሆስፒታል በየወሩ ሦስት ቁጥሮችን እንዲያወጣ በሕግ ያስገድድ። እነርሱም በሐኪም እስኪታዩ የሚጠበቀው ሰዓት፣ ሳይታዩ የሄዱ ሰዎች ብዛትና አልጋ ሲጠብቁ በድንገተኛ ክፍሉ የቆዩ በሽተኞች ብዛት ከቆዩበት ሰዓት ጋር ናቸው።

ሁለተኛ፣ የሚጠብቅ ሰው ይነገረው። በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ነርስ መጥታ ሕመሙ መባስ አለመባሱን ትይ፤ ደረጃውንና የሚጠበቀውን ሰዓትም ትንገረው። ይህ ትሕትና ብቻ አይደለም። በሦስተኛ ደረጃ የተቀመጠ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ያላየው ሰው አያውቅለትም። ለዚህ የሚመደብ ነርስ ወጪው በግዛቱ ድጎማ ቢታገዝ የ2023ቱ የደኅንነት ሕግ ከሚሰጠው የበለጠ ደኅንነት ይገኝበታል።

ሦስተኛ፣ አስተርጓሚ በመስኮቱ ይገኝ። በስልክም ሆነ በስክሪን፣ ደረጃው ከመወሰኑ በፊት ይቅረብ፤ መቅረቡም በበሽተኛው መዝገብ ይጻፍ።

አራተኛ፣ ያልታየ ሰው አይክፈል። በሐኪምም ሆነ ሐኪም በወከለው ባለሙያ ሳይመረመር የሄደ በሽተኛ የድንገተኛ ክፍል ክፍያ እንዳይጠየቅ ይደንገግ።

አምስተኛ፣ በር ሲዘጋ ሕዝብ ይሰማ። ድንገተኛ ክፍሉን ለመዝጋት የሚያስብ ሆስፒታል ቢያንስ ከ180 ቀናት በፊት እንዲያስታውቅ፣ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ እንዲጠራና በሽተኞቹ ወዴት እንደሚሄዱ የሚያሳይ ዕቅድ ከጎረቤት ሆስፒታሎች ጋር ተስማምቶ እንዲያቀርብ ይገደድ። ሁለት ወር አንድ ቤተሰብ ቤት ለመቀየር እንኳ የሚጣበብ ጊዜ ነው።

በእነዚህ ሐሳቦች ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ሰዓትን ማሳተም በጽኑ የታመመን ሰው ከመምጣት ያስቀራል የሚል ነው። ስጋቱ ቀላል አይደለም፤ ስለሆነም ቁጥሩ በየደረጃው ተለይቶ መውጣት አለበት። የስትሮክ ምልክት ያለበት ሰው የእርሱ ደረጃ በደቂቃዎች እንደሚታይ ካወቀ ይመጣል እንጂ አይቀርም። ዛሬ የሚያስቀረው ጭራሽ ምንም አለማወቁ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቁጥር አልጋ አይሠራም የሚል ነው። የእንግሊዝ ተሞክሮ ለዚህ ይጠቀሳል። በዚያ አገር ከመቶ 95 በሽተኞች በአራት ሰዓት ውስጥ ተስተናግደው እንዲያበቁ ግብ ተቀምጧል፤ ይሁንና በአገር ደረጃ ከ2015 ወዲህ አልተሳካም። እውነት ነው፤ ግብ ብቻውን አልጋ አያመጣም። ነገር ግን በዚያ አገር ውድቀቱ በየወሩ ይታወቃል፤ በፓርላማ ይጠየቅበታል፤ በምርጫም መከራከሪያ ይሆናል። በአትላንታ ያለው ወረፋ ግን የሚታወቀው በተቀመጠው ሰው ዘንድ ብቻ ነው። የማይቆጠር ነገር በጀት አይመደብለትም።

እስከዚያው

ሕግ እስኪወጣ የማኅበረሰብ ድርጅቶች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው። ሰዎች የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር በኪሳቸው እንዲይዙ፣ በመስኮቱ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብለው እንዲጠይቁ፣ ሕመማቸውን ሳያሳንሱ እንዲናገሩ፣ እየጠበቁ ከባሰባቸውም ተመልሰው ለነርሷ ለመንገር እንዳያፍሩ ማስተማር ይቻላል። ተራን መጠየቅ ተራን መንጠቅ አይደለም። ጉልበት መጠቀምና ሠራተኛን መሳደብ ግን በሽተኛውንም፣ ከጎኑ የተቀመጠውንም ይጎዳል፤ ጉዳዩንም ያበላሻል። ሆስፒታል ሕጉን ጥሷል ብሎ የሚያምን ሰው ለግዛቱ የጤና ተቋማት ተቆጣጣሪ ወይም ለፌዴራሉ የሜዲኬርና የሜዲኬይድ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ ተሟጋቾች ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን በጽሑፍ እንዲይዝ ቢረዱት አቤቱታው ክብደት ያገኛል።

የጆርጂያ ምክር ቤት በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ ይከፈታል፤ የሚሠራውም 40 የሥራ ቀናት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከመክፈቻው በፊት መነሣት አለበት። የእያንዳንዱ ተመራጭ ጽሕፈት ቤት በወረዳው ላሉ ሆስፒታሎች አንድ ደብዳቤ ጽፎ ሦስቱን ቁጥሮች መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። መልስ የሰጠው ሆስፒታል ምን እንደሚጎድለው ይታወቃል፤ በጀት ሲደለደልም ድምፅ ያገኛል። መልስ ያልሰጠው ደግሞ ለምን እንዳልሰጠ በችሎቱ ይጠየቃል። የ2023ቱ ሕግ በአዳራሹ ውስጥ የሚሠሩትን ጠብቋል። የሚቀረው ግማሽ በዚያው አዳራሽ የሚጠብቁትን ይመለከታል።